የቱ በረዶ? የቱ ሰንሰለት?

አማርኛችን ቃል አያጣም። ለጤፍ ብቻ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ብሎ ይለያል። በረዶ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ያጥራል። ሐምሌ ላይ የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋው በረዶ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ድምፁን አጥፍቶ እንደ ጥጥ የሚወርደውም፣ አስፋልት ላይ እንደ መስታወት ተጋግሮ ሰው የሚጥለውም በረዶ ነው። ‹‹ውርጭ›› አለን፤ ‹‹አመዳይ››ም አለን። ግን አመዳይ የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁት መቼ ነው?

አትፍሩ፣ የቋንቋ ትምህርት ልሰጣችሁ አይደለም። የማወራችሁ ስለ ትራክተር ጎማ ሰንሰለት ነው። (አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።) ‹‹ይቺ ልጅ በጋዜጠኝነት ተመርቃ ስለ ካቴና ትጽፍ ጀመር?›› የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ከመካከላችሁ ሚኒሶታ ወይ ዴንቨር ዘመድ የሌለው ስንት ነው? ያ ዘመዳችሁ ፎቶ ሲልክላችሁ በረዶው ያምራል። ማን እንደጠረገው ግን ፎቶው ላይ አይታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእናንተ በጋ የሆኑት ታኅሣሥና ጥር ለእኛ የክረምቱ እምብርት ናቸው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በአንድ ክረምት በአማካይ ከ50 ኢንች በላይ በረዶ ይወርድባቸዋል፤ አንድ ሜትር ከሩብ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. የ2022–23 ክረምት ደግሞ 90 ኢንች አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1991 በሃሎዊን ሰሞን የመጣው ማዕበል ብቻውን 28.4 ኢንች ከምሮ ነው የሄደው። ይህ ሁሉ በረዶ ራሱን አያነሳም። አንድ ሰው በሌሊት ተነስቶ ሊጠርገው ይገባል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ አጎቴ ነው።

አጎቴ አገር ቤት የከባድ መኪና ሰው ነበር። በረዳትነት ጀምሮ ሹፌር የሆነው በመቱና በጎሬ መንገድ ነው። ያ መንገድ በዚያን ዘመን በክረምት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀናት ይቆማል። ጎማ ላይ ገመድ ይጠመጠማል፣ ቅርንጫፍ ይነጠፋል፣ ካቴና የያዘ ሹፌር እንደ ጌታ ይታያል። እዚህ ከመጣ በኋላ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ በረዶ ሲወርድ ደግሞ ትንሿን ትራክተሩን ይዞ ይወጣል። ትንሿ ስል ከእርሻ ትራክተር ያነሰች፣ ከሣር ማጨጃ የበለጠች፣ ፊቷ ላይ አካፋ የተገጠመላት፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ማለቴ ነው። ከሚጠርጋቸው ግቢዎች አንዱ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ አካፋ ይዤ ደረጃውንና የእግረኛውን መንገድ እከተላለሁ። (ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ሞቆት ተሰቅሏል።)

ሁለት ክረምት ወደኋላ፣ የገና ዋዜማ። ሚኒሶታ ውስጥ ከዓመቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው ወር ጃንዋሪ ነው፤ የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7። ቀን ፀሐይ ወጥታ የቆየውን በረዶ በትንሹ አቅልጣው ነበር። ማታ ያ ውኃ ረጋ። ከላዩ አዲስ በረዶ ለስለስ ብሎ ወረደበት። የግቢው መግቢያ ቁልቁለት ነው፤ ወርዶ ወርዶ አውራ መንገድ ላይ ያርፋል። አጎቴ አካፋውን ሞልቶ ቁልቁል ሲወርድ ትራክተሯ መንሸራተት ጀመረች። ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን! የኋላ ጎማዎቹ ቆመዋል፣ አይሽከረከሩም፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ከታች ነጠላቸውን በካፖርት ላይ የደረቡ ሁለት እናቶች በአንድ ጎረምሳ ተደግፈው እየወጡ ነበር። አጎቴ አካፋውን መሬት ላይ ለቀቀው። አካፋው እየፋቀ፣ እየጮኸ፣ መንገዱ ዳር የተከመረው የበረዶ ክምር ጋ ደርሳ ቆመች። ማንም አልተነካም። እናቶቹ ‹‹እግዚኦ›› ብለው አማተቡና ወደ ማኅሌቱ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ፣ ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይህንኑ ይላል፦ ‹‹ካቴና ነበረው እኮ!››

ነበረው። ጥያቄው የቱ ካቴና ነው።

አጎቴ ለሳምንት ያህል ብዙም አልተናገረም። ጭቃን ያሸነፈ ሰው በረዶ ሲያሸንፈው ከባድ ነው መሰል። እኔ ደግሞ ያለኝ ሙያ አንድ ነው፤ መጠየቅ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ጋራዡ ውስጥ ተንበርክኬ ጎማውን ጠየቅሁት ማለት ይቻላል። የሰንሰለት ሻጮችን መመሪያ አነበብኩ፤ ትራክተሯ ስትሸጥ የመጣውን መጽሐፍም ገለጥኩ። ያገኘሁትን በአማርኛ ላስቀምጥላችሁ፤ እኔ ፈልጌ በአማርኛ አላገኘሁትምና።

መጀመሪያ፣ ሰንሰለት ምን ያደርጋል? ለሞተሩ አንዲት ፈረስ ጉልበት አይጨምርለትም። የሚሠራው የማሽኑን ክብደት በጥቂት የብረት ጠርዞች ላይ ሰብስቦ በረዶው ውስጥ እንዲነክስ ማድረግ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት የካናስቶታ ከተማ ነዋሪ የነበረው ሃሪ ዊድ ለጎማ ሰንሰለት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከዚያ በፊት ሹፌሮች ጎማቸው ላይ ገመድ ይጠመጥሙ እንደነበር ይነገራል። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ‹‹ታዲያ ጎሬ ላይ እኛ ያደረግነው ምንድን ነው?›› አለኝ።

ሁለተኛ፣ ጎማው ምን ዓይነት ነው? የጎማው ጎን ላይ ቁጥር አለ። የአጎቴ የኋላ ጎማ 11.2-24 ይላል። 11.2 የጎማው ስፋት በኢንች፣ 24 የቸርኬው መጠን ነው። ሰንሰለት የሚገዛው በዚህ ቁጥር ነው፤ በዓይን ግምት ወይም ‹‹ለትንሽ ትራክተር የሚሆን ስጠኝ›› ተብሎ አይደለም። ከመጠኑ እኩል የሚያስፈልገው ደግሞ የጥርሱ ቅርጽ ነው። የትራክተር ጎማ በብዛት ሦስት ዓይነት ነው። አር-1 የሚባለው የእርሻ ጎማ ረዣዥምና የተራራቁ ጥርሶች አሉት። አር-3 የሣር ጎማ ነው፤ ጥርሱ አጫጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አር-4 የኢንዱስትሪ ጎማ ሲሆን በሁለቱ መካከል ነው፤ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ በረዶ ላይ ደግሞ ብቻውን ቶሎ የሚንሸራተት።

የእኛዋ አር-1 ናት። አጎቴ የገዛው ሰንሰለት ደግሞ ‹‹መሰላል›› የሚባለው ነበር። በጎማው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች ይዞራሉ፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል ርካብ አጫጭር ሰንሰለቶች ይዘረጋሉ። ርካቦቹ በየአራት ቀለበቱ የተራራቁ ነበሩ። በሣር ጎማ ላይ ይህ ጥሩ ይሠራል። በእርሻ ጎማ ላይ ግን ርካቡ ከጥርሱ ላይ ይንሸራተትና በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተደብቆ ይቀመጣል። በረዶውን የሚነካው ላስቲኩ ነው። እናላችሁ፣ ካቴናው ነበር፤ መሬት ግን አልነካም።

ለእርሻ ጎማ የሚመከረው ሌላ ነው። አንደኛው አማራጭ ርካቡ በየሁለት ቀለበቱ የተሰደረ መሰላል ነው፤ ተቀራርቦ ስለሚቀመጥ ጉዞውም ያነሰ ይንገጫገጫል። የተሻለው ግን አጎቴ ‹‹መረብ›› የሚለው ነው፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው የአልማዝ ቅርጽ ይሠራሉ። እርስ በርስ ስለተያያዙ ቦይ ውስጥ አይሰምጡም። ሌላ ጥቅምም አላቸው፤ ወደ ጎን መንሸራተትን ይይዛሉ። የመሰላል ርካብ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ስለሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነክሳል፤ ወደ ጎን ግን እንደ በረዶ መንሸራተቻ ሊሆን ይችላል። መረቡ በሰያፍ ስለሚሄድ በሁሉም አቅጣጫ ጠርዝ አለው። የገና ዋዜማው መልስ እዚህ ውስጥ ነበር።

ሦስተኛ፣ የቱ በረዶ? የአማርኛው ድህነት እዚህ ጋ ገንዘብ ያስከፍላል። አዲስና ልል በረዶ ከሆነ ብዙ ሰንሰለት ይበቃል። ተረግጦ የጠጠረ ከሆነ የተቀራረበ ሰንሰለት ይፈልጋል። ከሥሩ ግግር ካለ ደግሞ ጠርዝ ይፈልጋል፤ ክብ ቀለበት በመስታወት ላይ እንደሚንከባለል ጠጠር ነውና። ‹‹ጨው ይነሰነሳል አይደል?›› ትሉኛላችሁ። ተራው የመንገድ ጨው ብርዱ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ (ከዜሮ በታች 9 ሴንቲግሬድ ገደማ) አቅሙ ይደክማል። የጃንዋሪ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ ልማዱ ነው።

አራተኛ፣ የት? ለግግር በጣም የሚነክሰው ቀለበቶቹ ላይ የ‹‹ቪ›› ቅርጽ ያለው ብረት የተበየደበት ሰንሰለት ነው። ጠጠር መንገድ ወይም እርሻ ላይ ግሩም ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ግን ይጭራል፣ ይቦረቡራል። የቤተ ክርስቲያኑ አስፋልት የምእመናን መዋጮ ነው፤ በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ጭረቱ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ አጎቴ የመረጠው ‹‹ቪ›› የሌለው፣ ቀለበቱ ግን ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን ጠርዝ የሆነ መረብ ነው። ዋጋው? ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል። ገንዘቡን ሲከፍል ፊቱን አላየሁትም፤ ሆን ብዬ።

አምስተኛ፣ ቦታ አለ? ይህን ሳይለኩ መግዛት ትልቅ አደጋ አለው። ሰንሰለት ጎማውን ያወፍረዋል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል፣ በውስጥ በኩል በጎማውና በትራክተሯ አካል መካከል፣ የሃይድሮሊክ ቱቦዎች በሚያልፉበት ሁሉ ጠባቡን ቦታ ፈልጋችሁ ለኩ። ሰንሰለቱ ሲዞር ትንሽ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከውፍረቱ በላይ ትርፍ ቦታ ያስፈልገዋል። ቱቦ ከበጠሰ ሥራው ያን ሌሊት አበቃ። ቦታ ከጠበበ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ማስፊያ ብረት ይሸጣል። የፊት ጎማ ላይ ለመግጠም ካሰባችሁ ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙራችሁ ለኩ፤ የፊት አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚወዛወዝ ያንንም አስቡ።

የፊት ወይስ የኋላ? ብዙ ሰው ‹‹አራቱም ይጎትታል፣ ፊቱ ይበቃል›› ይላል። አይበቃም። በአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን ያለው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። የፊት አካፋ ሲሞላ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ይቀላል። ቁልቁለት ላይ ኋላዋ የቀለለ፣ ፍሬኗም እዚያው ቀላሉ ጎማ ላይ የሆነ ማሽን ምን እንደምታደርግ አይተናል። ስለዚህ ሰንሰለት መጀመሪያ ለኋላ ነው፤ አቅም ሲኖር ለአራቱም። ከኋላ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ይንጠለጠላል። ቁልቁለት ሲወረድ አራቱም ጎማ መያያዝ አለበት፤ ያኔ የፊቶቹ ጎማዎችም በማርሹ በኩል ይይዛሉ። አካፋው ዝቅ ብሎ ነው የሚኬደው። ከወንበሩ ኋላ ያለው የብረት ቅስት ተዘርግቶ፣ ቀበቶው ታስሮ። (አጎቴ ቀበቶ ላይ ይከራከራል። እኔም እከራከራለሁ። እስካሁን እኔ እየመራሁ ነው።)

አሁን መግጠሙ። ይህ በረዶ ከመውረዱ በፊት፣ በቀን፣ ጣት ሳይደነዝዝ የሚሠራ ነው። ደልዳላ መሬት ላይ ቆማችሁ አካፋውን መሬት አስነኩ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ የተጠማዘዘውን ሁሉ ፍቱ፤ አንዲት የተጣመመች ቀለበት ቀኑን ሙሉ ጎማውን ትበላዋለች። የማንጠልጠያዎቹ ክፍት አፍ ወደ ውጭ መሆን አለበት፣ ወደ ላስቲኩ አይደለም። ከዚያ ለሁለት ተሸክማችሁ ጎማው ላይ እንደ ጋቢ ጣሉት፤ በግራም በቀኝም እኩል ይንጠልጠል። ጫፎቹ እስኪገናኙ አንድ ሰው ትራክተሯን ቀስ ብሎ ትንሽ ያንቀሳቅሳታል፤ ሌላው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ እጁን ከጎማው አርቆ። እንደገና ሞተር ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚቆለፈው የውስጡ ነው። አጎቴ ‹‹የማታዪውን አስቀድመሽ እሰሪ›› ይላል። ቀጥሎ የውጪው ይሳባል፣ ይጠብቃል፣ ይቆለፋል። የተረፈ ቀለበት ከተንጠለጠለ ይቆረጣል ወይም በሽቦ ጠብቆ ይታሰራል፤ እንዲሁ ከተተወ ፓራፋንጎውን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ተነድታ ትመለሳለች። ሰንሰለቱ ቦታውን ሲይዝ ይላላል፤ ስለዚህ እንደገና ይጠብቃል። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ሰንሰለቱ መንገድ ላይ የሚወልቅበትም ያው ሰው ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ በዝግታ ንዱ። ጎማው ባለበት ከተሽከረከረ ነዳጁን ልቀቁ፤ ሰንሰለት ሲሽከረከር ይቆፍራል እንጂ አይጎትትም። (ይህ ለጭቃም ይሠራል፤ የጎሬው ሹፌር ምስክር ነው።) በረዶው አልቆ አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን ሰንሰለቱን አውልቁት፤ ደረቅ መሬት ሰንሰለቱንም ይጨርሰዋል፣ እሱም መሬቱን ይጎዳዋል። አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ስቀሉት።

ለምን ይህን ሁሉ እጽፋለሁ? ወገኖቻችን በማያውቁት አየር ንብረት ውስጥ በማያውቁት ብረት ላይ ተቀምጠው ሌሊቱን ይሠራሉ። የሚያነቡት መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ በየመካከሉ ያሉት ቃላት ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚችል እንኳ እንግዳ ናቸው። ስለዚህ በወሬ ይገዛሉ፤ ‹‹እገሌ ይህን ገዝቷል››፣ ‹‹ይሄኛው ይረክሳል››። እኛ የተማርነው ልጆች ደግሞ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ፍቅር እንጽፋለን (ይጻፍ፣ ደግ ነው)፤ አባቶቻችንና አጎቶቻችን ሕይወታቸውን ስላስደገፉበት ብሎንና ቀለበት ግን አንጽፍም። ያልተጻፈ እውቀት ሳይኖር አይደለም፤ አጎቴ ስለ ጭቃ መጽሐፍ የሚወጣው ያውቃል። የጠየቀው ስለሌለ ነው በአፉ የቀረው።

እዚህ አገር ከባድ መኪና የምትነዱ ብዙ ናችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ በአይ-70 አውራ ጎዳና ተራራውን ስታቋርጡ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት ይዛችሁ እንድትሄዱ ሕጉ ያስገድዳችኋል። እናንተ የምታውቁት ከእኔ ትራክተር ይበልጣል። ጻፉት፤ መጻፍ ከሰለቻችሁ ለአንዷ የእህታችሁ ልጅ ንገሯትና እሷ ትጻፈው።

ባለፈው ገና አጎቴ ያንን ቁልቁለት በመረቡ ጠረገው። ትራክተሯ እየተንገጫገጨች፣ እየጮኸች፣ ግን ቀጥ ብላ ወረደች። ከቅዳሴ በኋላ ማንም ስለ ካቴና አላነሳም። እናቶቹ ሳይንሸራተቱ ገብተው ሳይንሸራተቱ ወጡ፤ ያ ነው የሥራው ምስጋና።

ዘንድሮ ለምትወጡ ሁሉ፦ ቁጥሩን አንብቡ፣ ጠባቡን ለኩ፣ የውስጡን አስቀድማችሁ እሰሩ። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላም ወርዳችሁ አንዴ ደግማችሁ አጥብቁ።